ሊቲየም ወይስ ኤጂኤም? ለካምፐር ሶላር የቱ ያዋጣል

ከመብራት መስመር ርቃ የምታድር ካምፐር (ማደሪያ የተሠራላት መኪና) ላይ ሶላር ልትገጥሙ ካሰባችሁ ፓኔሉ ብዙም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ባትሪው ነው። ሻጩ ሁለት ሳጥን ፊታችሁ ያስቀምጣል። ሁለቱም ላይ «12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ሌላው ወገብ ይቆርጣል፣ ዋጋቸውም አይገናኝም። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉ ሁሉም የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ ሊቲየም ክብደቱ ቀላል ነው፣ ብዙ ዓመትም ይቆያል። እውነት ነው። ግን በሶላር ለሚኖር ሰው ወሳኙ እሱ አይመስለኝም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ። ኤጂኤም ውሃ የማይጨመርበት፣ ድፍን የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ባትሪ ጋር ዘሩ አንድ ነው፣ ባሕርዩም ብዙ አልተለወጠም። ሊቲየም ስል ደግሞ ሊቲየም አይረን ፎስፌትን ማለቴ ነው። ብዙ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሊቲየም ሌላ ዓይነት ነው፤ ከ12 ቮልት ዕቃ ጋር በደንብ አይገጥምም፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅም ከፎስፌቱ ቀድሞ እሳት ይፈጥራል። ውሃ የሚጨመርበት የድሮው ባትሪስ? ርካሽ ነው፣ ግን ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ እናንተ በተኛችሁበት ክፍል ውስጥ እሱን ማስገባት ደግሞ ደስ አይልም። ከውድድሩ አውጥቼዋለሁ።

በወረቀት እኩል፣ በሥራ ግን አይደለም

ኤጂኤምን ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜውን ታሳጥሩታላችሁ። ስለዚህ ከ1200 ዋት ሰዓቱ (12 ቮልት በ100 አምፒር ሰዓት ሲባዛ) በየቀኑ ልትነኩት የሚገባው 600 ገደማውን ብቻ ነው። ሊቲየሙ 12.8 ቮልት ስለሆነ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ 80 እና 90 በመቶውን ብትጠቀሙም ግድ የለውም። ከ1000 ዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት ኮምፕረሰር ፍሪጅ እንደ ሙቀቱ ሁኔታ በቀን ከ300 እስከ 600 ዋት ሰዓት ይበላል። በሞቃት ቀን እንግዲህ ፍሪጁ ብቻውን የኤጂኤሙን ድርሻ ጠራርጎ ሊጨርስ ይችላል፣ መብራትና ስልክ ገና ሳይነሱ።

ዋጋ ስታወዳድሩም አንድ ሊቲየም ከአንድ ኤጂኤም ጋር አታስተያዩ፤ ከሁለት ጋር አስተያዩ። ሁለት ኤጂኤም 60 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ አንዱ ሊቲየም ከ10 እስከ 13 ኪሎ። መኪናዋ የምትችለው ጭነት ገደብ ስላለው፣ ውሃ ጋንና ዕቃ ሲጨመርበት ያ 50 ኪሎ ቀልድ አይደለም። ዕድሜውም እንደዚያው ነው፦ ኤጂኤም እስከ ግማሽ እየወረደ ከተሠራበት ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ዑደት (አንዴ ወርዶ መልሶ መሞላት አንድ ዑደት ነው)፣ ሊቲየም ከ2000 እስከ 5000።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ገዝተው ከሚናደዱት ሰዎች ግማሹ የሚናደዱት በዚህ ነው። የኤጂኤም 100 አምፒር ሰዓት የሚለካው ቀስ ብሎ፣ በ20 ሰዓት ውስጥ ሲወጣ ነው። 1000 ዋት የውሃ ማፍያ በኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ዕቃ፣ ስታበሩ ከባትሪው ወደ 90 አምፒር ይሳባል። በዚህ ፍጥነት ኤጂኤሙ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም፤ ቮልቴጁ ወዲያው ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ ጥፍት። ውሃው ገና ለብ እንዳለ ነው። ባትሪው አላለቀም፣ ከግማሽ በላይ አለው፣ ግን በአንዴ ያን ያህል መስጠት አቅቶታል። ሊቲየሙ በዚህ ጭነት ቮልቴጁ እምብዛም አይነቃነቅም።

ዋናው ነገር ከሰዓት በኋላ ላይ ነው

አሁን ወደ ተውኩት ነጥብ። 200 ዋት ፓኔል ጣሪያው ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል እንበል፣ ባትሪው ኤጂኤም ነው፣ ማታ ግማሹ አልቋል። ጠዋት ፀሐይ ከፍ ስትል ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ላይ 8፣ ከዚያ 11 አምፒር ታያላችሁ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ባትሪው 80 ወይም 85 በመቶ ይደርስና ቮልቴጁ 14.4 ላይ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ 11 የነበረው 7 ይሆናል፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፓኔሉ መስጠት ይችላል፣ ባትሪው ግን አልቀበልም ብሏል። የመጨረሻውን ክፍል ለመሙላት ገና ሰዓታት ይፈልጋል። ፀሐይዋ ግን አትጠብቀውም።

እናም 92 በመቶ ላይ ያድራል። በነጋታው ደመና ይሆንና 80። የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይሞላ ባደረ ቁጥር ፕሌቶቹ ላይ ያለው ሰልፌት ክሪስታል እየሆነ ይጠነክራል፣ የጠነከረውን ደግሞ መልሶ ማሟሟት ከባድ ነው። ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይኮሰምናል። ብዙ የካምፐር ኤጂኤም የሚሞተው ከመጠን በላይ ስለተሠራበት ብቻ አይመስለኝም፤ ጠግቦ አድሮ ስለማያውቅ ነው።

ሊቲየም ላይ ይህ ጣጣ የለም። እስከ መጨረሻው ድረስ ፓኔሉ የሰጠውን ሁሉ ይውጣል፤ ከገባውም 95 በመቶና ከዚያ በላይ መልሶ ይሰጣል፣ ኤጂኤም ግን ከ80 እስከ 85 አካባቢ ነው። 60 በመቶ ላይ ለሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የሚመቸው ግማሽ አካባቢ ነው። ፀሐይ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ጠንካራ ናት፣ አንዳንዴም ጭራሽ አትመጣም፣ ስለዚህ ለእሷ የሚስማማው ያገኘውን ተቀብሎ ሳይሞላ ማደር የሚችል ባትሪ ነው። ለእኔ ሊቲየምን የሚያስመርጠው ይህ ነው፣ ክብደቱ ምርቃት ነው።

ሊቲየም የሚሸነፍበት

ብርድ። የባትሪው ውስጥ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ በብረት መልክ አሉታዊው ፕሌት ላይ ይለጠፋል፣ ያ ጉዳት አይመለስም። ጥሩ ባትሪ ውስጥ ያለው ቢኤምኤስ፣ ማለትም ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰሌዳ፣ ቻርጁን ራሱ ይዘጋዋል። ውጤቱ ግን ያናድዳል፤ ውጭ በረዶ፣ ፀሐይ ቦግ ብላለች፣ ኮንትሮለሩ ላይ 0 አምፒር። መፍትሔው ባትሪውን ሰው በሚሞቅበት ክፍል ውስጥ ማድረግ ነው፣ ወይም ማሞቂያ የተገጠመለትን መግዛት። ኤጂኤም በብርድ ጉልበቱ ቢቀንስም ቻርጅ ይቀበላል። እሱም ግን ባዶውን ከተተወ ውስጡ በረዶ ሠርቶ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሙቀት ሁለቱንም ይጎዳል። ለሊድ አሲድ የተለመደው ስሌት ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚል ነው። ሊቲየሙንም ሞተር አጠገብ አታስቀምጡት። ሞተር ማስነሻ ባትሪያችሁ የነበረው ይቆይ፤ የማወራው የካምፐሯን መብራትና ፍሪጅ ስለሚያሠራው ባትሪ ነው።

ነቅሎ መተካት ብቻ አይደለም

ማስታወቂያዎቹ አውጥተህ አስገባ፣ አለቀ ይላሉ። አያልቅም። ኮንትሮለሩ ሊቲየም የሚል ምርጫ ከሌለው በእጅ መስተካከል አለበት፦ መሙያው 14.2 እስከ 14.4 ቮልት፣ ከሞላ በኋላ ማቆያው 13.5 አካባቢ። ኢኩዋላይዜሽን የሚለው ይጥፋ፤ ለሊድ አሲድ ተብሎ ቮልቴጁን ከ15 በላይ ሊወስደው ይችላል። በሙቀት መጠን ቮልቴጅ የሚቀያይረውም ይጥፋ።

ከመኪናው ዲናሞ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ ተዉት። ሊቲየም ውስጣዊ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ ዲናሞው ያለውን ሁሉ ይስባል፣ በተለይ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ማቀዝቀዣ አየር ስለማያገኝ ሊቃጠል ይችላል። ቢኤምኤሱ ድንገት ቢዘጋም የቮልቴጅ ዝላዩ የዲናሞውን ዳዮድ ሊያቃጥል ይችላል። መሃል ላይ ከዲናሞው የሚሳበውን አምፒር የሚገድብ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ይገባል፣ የ30 አምፒሩ ለብዙ መኪና ይበቃል። ይህ ወጪ ነውና ስታወዳድሩ ደምሩት። ከፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ ማስገባት ግን ለሁለቱም ግዴታ ነው። ሊቲየም ሾርት ቢያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚለቅ፣ ያን የሚችል ፊውዝ ይሁን።

ሌላው፣ ቮልቴጅ አይቶ ስንት ቀረ ማለት። ኤጂኤም ላይ ይሠራል፦ ጭነት ሳይኖር 12.7 ሙሉ ነው፣ 12.1 ግማሽ አካባቢ። ሊቲየም ላይ ከ80 እስከ 30 በመቶ ድረስ ቁጥሩ 13 ላይ ተገትሮ ትንሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ እንደ ገደል ይወርዳል። የገባውንና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር ሻንት ያለው ሞኒተር ግዙ።

ሊቲየም ስትገዙ የሚጠየቀው

ቢኤምኤሱ ሳያቋርጥ ስንት አምፒር ይችላል? 100 ከሆነ 1280 ዋት ነው፣ 2000 ዋት ኢንቨርተር በአንድ ባትሪ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። በብርድ ቻርጅ ይዘጋል ወይ? ርካሾቹ ላይ ይህ የሌለበት አለ። ዑደቱስ ስንት በመቶ እየወረደ ነው የተለካው? ሳትረሱም ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 100 አምፒር ሰዓት ተብሎ 7 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ውስጡ የተባለውን ያህል ሴል የለም፤ ሴሎቹ ብቻቸውን 8 ኪሎ አካባቢ ይሆናሉ። ኤጂኤምና ሊቲየምን በትይዩ አንድ ላይ አትሰሩ፣ አሮጌና አዲስም እንደዚሁ።

ታዲያ ለማን የቱ?

በወር አንድ ሁለት ቀን የምትወጡ፣ መልሳችሁ ቤት ስትቆሙ ከግድግዳ ቻርጅ የምትሰኩ ከሆናችሁ ኤጂኤም ይበቃችኋል። በየጊዜው ሙሉ ሆኖ ስለሚቀመጥ ዋናው ድክመቱ አይነካውም። ተጨማሪ ገንዘቡን ለሌላ አውሉት። ለሳምንታት በሶላር ብቻ የምትኖሩ፣ በኤሌክትሪክ የምታበስሉ ወይም በላፕቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሊቲየም ነው፣ ክርክር አይፈልግም። መሃል ላይ ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ ፓኔሉን እዩ። ባትሪ ኃይል አያመነጭም። ተኝቶ የተገጠመ 200 ዋት ፓኔል በጠራ የበጋ ቀን ከ600 እስከ 1000 ዋት ሰዓት ይሰጣል፣ በከባድ ደመና ከዚያ አንድ አምስተኛውን ወይም ያነሰ። የምታወጡት ከሚገባው ከበለጠ፣ ሁለት ሊቲየም ብትደረድሩም ባዶ የሚሆንበትን ቀን ማራዘም ብቻ ነው።

ኤጂኤማችሁ እየሠራ ከሆነ ገና ነው፣ አትጣሉት። እስኪደክም ተጠቀሙበትና እስከዚያ ድረስ የሊቲየም ምርጫ ያለው ኤምፒፒቲ ኮንትሮለርና ሻንት ግጠሙ። ኤምፒፒቲው ፒደብሊውኤም ከሚባለው ርካሹ ዓይነት በተለይ በቀዝቃዛ ቀን ከዚያው ፓኔል የተሻለ ያወጣል፣ ባትሪው ሲቀየርም ሁለቱም ቦታቸው ላይ ይቀራሉ።