ካኖን 2000ዲ በጣና ዳር፦ ፎከሱ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ካሜራ አብሮት ከሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ከክረምት መግቢያ ጀምሮ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ስሠራበት ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበ የጀማሪ ካሜራ ሲሆን 24 ሜጋፒክስሉ ለእኔ ሥራ ይበቃል፤ ስለዚህ በምስል ጥራቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት የፎከሱ አያያዝ ነው።

በሌንሱ ጎን ኤኤፍ (ራስ ሰር ፎከስ) እና ኤምኤፍ (በእጅ የሚደረግ ፎከስ) የሚል ትንሽ ማቀያየሪያ አለ። ኤኤፍ ላይ ሲሆን ሌንሱን የሚያዞረው በውስጡ ያለው ሞተር ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ የፊተኛውን ቀለበት በእጅ ማዞር ሞተሩንና ጥርሶቹን ሊጎዳ ይችላል፤ የካሜራው መመሪያም ይህንን ይከለክላል። ቀለበቱን መንካት ያለብን ማቀያየሪያውን ወደ ኤምኤፍ ከመለስን በኋላ ብቻ ነው። አንዳንድ ሌንሶች በኤኤፍ ላይ እያሉም በእጅ እንዲስተካከሉ ተደርገው ስለተሠሩ፣ ካሜራዬን ለሚዋሰኝ ሰው አስቀድሜ የማሳስበው ይህንኑ ነው። ግራ እጅም ከዙም ቀለበቱ ሥር ሆኖ ሌንሱን ይደግፍ እንጂ የሚሽከረከረውን ጫፍ መያዝ የለበትም።

የሌንሱ ፊት ፎከስ ሲያደርግ አብሮ መዞሩ በሐይቅ ዳር ሌላ ጣጣ አለው። የውኃውን ነጸብራቅ ለመቀነስ ፖላራይዘር ፊልተር የሚጠቀም ሰው ፊልተሩን አስተካክሎ ከጨረሰ በኋላ ሞተሩ እንደገና ሲዞር ልፋቱ ከንቱ ይሆንበታል። እኔ መጀመሪያ ፎከስ አድርጌ ወደ ኤምኤፍ እቀይራለሁ፤ ፊልተሩን የማዞረው ከዚያ በኋላ፣ ቀለበቱን ሳልነካ ነው።

ካሜራው ካሉት 9 የፎከስ ነጥቦች መካከል ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ቅርብ ያለውን ይወስዳል። ከደንገሉ ጀርባ የቆመ ፔሊካን ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው የደንገሉ አገዳ ይሆናል፣ ወፉም ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ ከሁሉም የሚታመነውን የመካከለኛውን ነጥብ ብቻ መርጬ እሠራለሁ፤ ከፎከስ አሠራሮቹም ለቆመ ነገር አንዴ ይዞ የሚቆመው ዋን ሾት፣ እየተቀዘፈ ለሚሄድ ታንኳ ደግሞ እየተከታተለ የሚያስተካክለው ኤአይ ሰርቮ ይስማማል። ጭጋግ በለበሰ ጠዋት ግን ባዶው ውኃ የሚያዝ መስመር ስለሌለው ሞተሩ ወዲያና ወዲህ እየዞረ ይቀራል። ያኔ ነጥቡን የታንኳው ጠርዝ ከውኃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ማሳረፍ አብዛኛውን ጊዜ ይረዳል።

በዘጌ ገዳማት ውስጥ፣ ለምሳሌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች ለማንሣት ሲፈቀድ፣ ከኤምኤፍ የተሻለ አላገኘሁም። ጨለማ ሲሆንና ፍላሹ ተነሥቶ ሲገኝ ካሜራው ለፎከስ እንዲረዳው ብቻ ፍላሹን ደጋግሞ ያብለጨልጫል፤ ይህ ለሥዕሎቹም ሆነ ለሚጸልየው ሰው አይገባም። ፍላሹን ዘግቼ፣ ካሜራውን በትራይፖድ አቁሜ፣ በስክሪኑ ምስሉን 10 እጥፍ አጉልቼ የአንዱን ቅዱስ ዓይን ዳር እስኪጠራ ቀለበቱን ቀስ እያልሁ አዞራለሁ። ቀለበቱ ጠባብ ስለሆነና የርቀት ቁጥር ስለሌለው ትዕግሥት ይጠይቃል። በመመልከቻው በኩል ለሚሠራ ሰው ግን የማንሻውን ቁልፍ እስከ ግማሽ ተጭኖ ሲይዝ ፎከሱ ሲገጥም ከታች መብራት ይበራለታል፤ ይህ በኤምኤፍም ይሠራል።

ስለ ፀሐይ ሳልናገር አላልፍም። ጀምበር ስትጠልቅ በመመልከቻው በኩል በቀጥታ ማየት ዓይንን ይጎዳል፤ ስክሪኑን ከፍቶ ፀሐይዋ ላይ ማቆየት ደግሞ ሴንሰሩን። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ጎን አድርጌ ሩቅ ባለ ጀልባ ላይ ፎከስ እይዛለሁ፣ ወደ ኤምኤፍ እቀይራለሁ፤ ከዚያ የፀሐይዋ ኃይል ሲበርድ ብቻ ወደ እርሷ መልሼ ቶሎ አነሣለሁ። ጢስ ዓባይ ዘንድ ሲሆን ካሜራው ውኃ የሚከላከል መሸፈኛ ስለሌለው፣ ፍንጣቂው ባለበት ሌንሱን አልፈታም።

ካሜራውን አልሸጠውም። በስክሪን በኩል የሚደረገው ራስ ሰር ፎከስ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ለሚበር ወፍ አይሆንም። አሁን ለሚገዛ ሰው የምመክረው ያንኑ ካሜራ ኤስቲኤም የሚባል ሌላ ዓይነት የፎከስ ሞተር ካለው 18-55 ሌንስ ጋር እንዲፈልግ ነው፤ የዚያ ሌንስ ፊት አይዞርም፣ በዋን ሾትም ፎከስ ከተያዘ በኋላ ቁልፉን በግማሽ እንደተጫኑ ቀለበቱን በእጅ ማረም ይቻላል።