«በእጅ የተሠራ የዘይት ቀለም» ተብሎ የሚሸጥ ህትመት እንዳትገዙ ተጠንቀቁ

ለቤታችሁም ሆነ ለስጦታ የመልክዓ ምድር ሥዕል ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ይህን ልብ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር የስሜን ተራሮችን የሚያሳይ ሥዕል «በእጅ የተሠራ የዘይት ቀለም ነው» ተብዬ በ18,000 ብር ገዛሁ። የገዛሁት ግን በማሽን ሸራ ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ የብሩሽ አሻራ እንዲመስል ከላዩ ሙጫ መሰል ግልጽ ነገር ተቀብቶበታል።

ያወቅሁት ማታ የስልኬን መብራት ከጎን ሳበራበት ነው። የብሩሹ መስመሮች ከሰማዩ ተነሥተው ገደሉን አቋርጠው እስከ ሣሩ ድረስ በአንድ አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ የተራራውን ጫፍም ሆነ የጭላዳውን ጀርባ አይከተሉም። በማጉያ መነጽር ሳየው ደግሞ አረንጓዴ የመሰለኝ ሣር የሰማያዊ፣ የቢጫና የጥቁር ነጠብጣብ ክምችት ሆኖ አገኘሁት። ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ አረንጓዴውን አስቀድሞ በፓሌቱ ላይ ይደባልቀው ነበር።

የዘይት ቀለም የሚዘጋጀው የቀለም ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከተልባ ዘይት ጋር ተፈጭቶ ነው። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ የሚደርቅ ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ የሚጠነክር በመሆኑ፣ ስስ ቅብ እንኳ ሲነኩት እጅ የማይዘው ከቀናት በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ቫርኒሽም በተለምዶ ከ6 እስከ 12 ወራት ይጠበቅለታል። ስለዚህ ሻጩ «ባለፈው ሳምንት ያለቀ፣ ቫርኒሽም የተቀባ ነው» ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። በነባሩ አሠራር ሠዓሊው ጥላውን በስሱ፣ ብርሃኑን በወፍራሙ ይቀባል፤ ቅቡ እንዳይሰነጣጠቅም ከሥር ያለውን ዘይቱን ቀንሶ፣ ከላይ ያለውን ዘይት ጨምሮ ይደርበዋል። በመሆኑም ፀሐይ ያረፈበት ዐለት ጎበጥ ብሎ ሲታይ፣ ጨለማው ሸለቆ ውስጥ የሸራው ድር ሊታይ ይችላል። የእኔው ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ አንድ ነው።

ህትመት በህትመትነቱና በህትመት ዋጋ ቢሸጥ ቅሬታ የለኝም፤ ያሳዘነኝ ለወራት የሚለፉ ሠዓሊዎች ድካም ለማታለያ መዋሉ ነው። ገንዘቤን ለማስመለስ ስሄድ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ሥዕል» ብቻ ነው ተብዬ ተመለስኩ። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት የሠዓሊው ስምና «በእጅ የተሠራ፣ የዘይት ቀለም በሸራ ላይ» የሚል ቃል በደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሥዕሉን ትታችሁ ውጡ።