አዳማ ላሉት ሲስተር፦ እግዜር ይስጥልን

ልጅ ገና አልወለድንም። ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ» እንዳትሉን። ምስጋናዬን ግን ልጅ እስኪመጣ የማቆይበት ምክንያት አልታየኝም።

እኔ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል። ልጅ እምቢ ሲል ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር ታውቃላችሁ። ጎረቤቱም ዘመዱም፣ የገዛ እናቴም ሳትቀር «መካን ናት፣ ሌላ አግባ» አሉኝ። እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ቤት ተቀምጣ የምትሰማው ባለቤቴ ናት።

ሐኪም ቤቱም ከጎረቤት አልተሻለም። ስም አልጠራም። የደም ምርመራው፣ አልትራሳውንዱ፣ ማህፀን ውስጥ ቀለም እየረጩ የሚያነሱት ራጅ፣ አንዱም አልቀራትም። ከራጁ ክፍል ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። «ባልሽስ ታይቷል ወይ?» ያለ አንድ ሰው የለም።

በኋላ ሌላ ቦታ እኔም ልመርመር አልኩ። ለዘር ፈሳሽ ናሙና በመስኮት ብልቃጥ አቀበሉኝና «እዛ ሽንት ቤት ግባ» አሉኝ። መቀርቀሪያ የለውም፤ ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው በሩን ይደበድባል። እንደምንም ይዤ ስወጣ ልጁ ብልቃጡን በሰው ፊት ወደ መብራት ከፍ አድርጎ «ይቺ ብቻ ናት?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውጤቱን የነገረኝ ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ያንተ ነገር አልቆለታል» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ከዚያ አንዱ «የወንድ ሆርሞን ነው፣ ፍቱን ነው» ብሎ መርፌ ሸጠልኝ። ገንዘቡስ ይሁን፣ ጉዳቱን የሰማሁት ሲስተር ጋ ነው።

ሲስተር በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። አዳማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ነው የሚሠሩት። የገባን ቀን ወረቀታችንን አንድ በአንድ አገላበጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። እኔን ትተው ወደ ባለቤቴ ዞሩና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ያሳለፍሽው እሱ ሳይታይ ነው?» አሏት። ሌላ ምንም አላሉም። ባለቤቴ እዚያው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሶፍት አቀበሏት፣ ዝም ብለው ጠበቋት። ውጭ በሽተኛ ተሰልፏል፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም። ያቺን ደቂቃ በምን እከፍላለሁ?

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ልጅ አልመጣ ካላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱም ድርሻ እንዳለበት ነገሩን። ባለቤቴ ቀና አለች። «እስቲ ለእናትህም ንገራት» አሉኝ። ነግሬያታለሁ፤ አሁን ቤት ሰላም ነው።

ናሙናውንም ቤቴ ሰጥቼ እንዳመጣ ፈቀዱልኝ። ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቤ፣ ብልቃጡ እንዳይቀዘቅዝ በሰውነቴ ሙቀት ይዤ፣ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዳደርስ ነው የነገሩኝ። ሐኪሙም በእጁ መረመረኝ፣ አልትራሳውንድ ታየሁ። የዘር ፍሬ የደም ሥር እብጠት ወይም የዘር ቱቦ መዘጋት ቢኖር ምግብ ብቻውን አያድነውምና መጀመሪያ እሱ መታየት አለበት ብለው ነው። ደግነቱ አልተገኘብኝም። የወረቀቱን ዝርዝር ግን አትጠይቁኝ። የያዝኩት ዝቅተኛው የዘር ቁጥር ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን መሆኑን ነው፤ የኔ ከዚያ በጣም በታች ነበር።

ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ ሥራዬ ነው። «ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? ሞተሩ የት ነው ያለው?» ከጋቢናው ሥር ነው አልኳቸው። ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ያለውን ሙቀት ያየ ያውቀዋል። የዘር ፍሬ ከሰውነት ሙቀት በ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፣ ለዚህ ነው ውጭ የተንጠለጠለው አሉኝ። ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ጠባብ ሱሪ ተው፣ በየመሀሉ ወርደህ ተራመድ አሉኝ። ሲጋራው ዘሩን በቁጥርም በእንቅስቃሴም ይጎዳል። ጫቱ እንቅልፍህንና የምግብ ፍላጎትህን ይወስዳል። ቦርጭ የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጣል። መርፌው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ሆኖ ተገኘ፦ ሆርሞን ከውጭ ሲገባ አንጎል በቂ አለ ብሎ የዘር ማምረቻውን ያስቆማል። ፍቱን ተብዬው!

ምግቡ ላይ ውድ ነገር አላዘዙልኝም። ሚሌ ላይ ጥብስና ቢራ፣ በመንገድ ለስላሳ በለስላሳ ነበር ኑሮዬ። አሁን ባለቤቴ ምሳ ትቋጥርልኛለች። ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝ ዓሣ፣ ለመንገድ ለውዝና የዱባ ፍሬ። «ጾም እንዴት ይሆናል?» ስላቸው «ሽሮው፣ ሱፉ፣ ተልባው እያለልህ?» አሉ። ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ከ2 ወር በላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ 3 ወር ሳይሞላ ውጤት አትጠብቅ ብለው አስጠነቀቁኝ። በየሳምንቱ ና እያሉ ገንዘብ ሊበሉኝ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም።

ሁለተኛው ውጤት ከዝቅተኛው ልክ አለፈ። ወረቀቱን ለባለቤቴ ነው የሰጧት፣ እሷ ናት ያነበበችልኝ። «ገና ነው፣ ሲጋራውን እንዳትነካ» ብለው ደግሞ ተቆጡኝ። እንዲህ የሚቆጣ ባለሙያ ይብዛልን!

ወንድሞቼ፣ በተለይ ሹፌሮች፣ ሚስቶቻችሁን ብቻቸውን አትላኩ። አብራችሁ ሂዱ። የእናንተ ምርመራ ከእነሱ ጋር ሲተያይ ምንም አያምም። መድኃኒት ነው ብሎ መርፌ የሚሸጥላችሁን ሽሹት። ሲስተር ጋ ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ሲስተር ጋ ሂዱ!

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ በኢንቦክስ ለጠየቀኝ ግን አድራሻውን እሰጣለሁ። ነገ ጭነት አለብኝ፣ አፋር ላይ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ቶሎ ካልመለስኩ አትቀየሙኝ።