ኤልስወርዝ ኬሊን ለመግዛት፦ የተፈረመ ሊቶግራፍ ወይስ ፖስተር?

የአሜሪካዊውን አብስትራክት ሠዓሊ የኤልስወርዝ ኬሊን ሸራ ወይም ቅርጻ ቅርጽ መግዛት የሙዚየሞችና የቱጃሮች ጉዳይ ነው። ለቀረነው ያለው ምርጫ በእርሳስ የፈረመበት ሊቶግራፍ (ከድንጋይ ወይም ከብረት ሰሌዳ ላይ በቅባታማ ቀለም የሚታተም ሥዕል) ወይም የኤግዚቢሽን ፖስተር ነው። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ብሩ ያዋጣል ወይ? የሚወሰነው በየትኛው ኬሊ እንደተማረካችሁ ነው።

የቀለሙን ኬሊ ከወደዳችሁ ፖስተር አይበጃችሁም። ሰውዬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር የካሞፍላጅ (ከጠላት ዓይን የመሰወሪያና የማሳሳቻ) ክፍል ያገለገለ፣ ከ1948 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ የኖረ ነው፤ በ1951 ስልሳ አራት ካሬዎችን ገጣጥሞ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ሲሠራ ከቀለምና ከጠርዝ በቀር ምንም አላስቀረም። ከ1970 ጀምሮ ሎስ አንጀለስ ከሚገኘው ጄሚናይ ማተሚያ ቤት ጋር ባወጣቸው ሊቶግራፎችም ቀዩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ቀይ ነው። በተለመደው ባለ አራት ቀለም ኅትመት የወጣውን ፖስተር ግን በማጉያ መነጽር እዩት፤ ያ ቀይ የነጠብጣብ መንጋ ይሆናል፣ ጠርዙም ይሻክራል። መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ ደግሞ ይገረጣል። ከኬሊ ላይ ቀለምና ጠርዝ ከተነሳ ምን ቀረ?

የዕፅዋቱ ኬሊ ግን ሌላ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከፓሪሱ የሥዕል ጋለሪና አሳታሚ ከማግ ጋር ያሳተማቸው ቅጠሎችና ፍሬዎች በነጭ ወረቀት ላይ የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ጥላ የለ፣ ቀለም የለ። እዚህ ላይ በደንብ የታተመ ፖስተር ብዙ አያጣም።

መሐል ላይ የሚቀመጥም አለ። ማግ ያሳትመው የነበረው «ዴሪየር ለ ሚርዋር» መጽሔት በ1964 ለኬሊ ባወጣው እትም እውነተኛ ሊቶግራፎች አሉ። ፊርማ የላቸውም፣ በሁለት ገጽ የተዘረጉትም መሐላቸው ላይ እጥፋት አለባቸው፤ ቀለሙ ግን የሊቶግራፍ ቀለም ነው። ለእኔ ከባለ ቀለም ፖስተር በብዙ ይሻላሉ።

ባለ ፊርማውን የምትገዙ ከሆነ ከፍሬም ወጥቶ ይታያችሁ። ሻጩ «አይወጣም» ካለ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ ዋጋውን ይጥለዋል። ፊርማው አብሮ የታተመ ሳይሆን በእርሳስ የተጻፈ፣ ከጎኑም የቅጂው ቁጥር ያለበት መሆኑን አረጋግጡ። ልኩን ሪቻርድ አክሶም ካዘጋጀው የኬሊ ኅትመቶች ካታሎግ ጋር አስተያዩት፤ ካነሰ ዳሩ ተቆርጧል ማለት ነው።