የሚበር ወፍ ለማንሳት፦ ባለ ጊምባል ትራይፖድ ወይስ ሞኖፖድ?

ትራይፖድ ባለ ሦስት እግር፣ ሞኖፖድ ባለ አንድ እግር የካሜራ መቆሚያ ነው። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) 1/2000 ሰከንድ ላይ ሲሆን የእጅ መንቀጥቀጥ ብዙም አያሳስብም። ጣጣው ክብደቱ ነው፤ የሶኒ 200-600 ሚ.ሜ. ሌንስ ያለ ካሜራው እንኳ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እሱን ደግኖ መጠበቅ ክንድ ይጨርሳል።

ትራይፖዱ ተራ ቦል ሄድ (ካሜራውን በኳስ መጋጠሚያ የሚይዝ ራስ) ብቻ ካለው ይቅርብዎ፤ ላላ ሲያደርጉት ሌንሱ በአፍንጫው ይደፋል። በጊምባል ሄድ (ሌንሱን በሚዛኑ ይዞ ወደላይ ወደታችና ወደጎን የሚያዞር ራስ) ግን ሌላ ነው። ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ ሚዛኑን ካገኙለት፣ እጅዎን ቢለቁትም ባለበት ይቆማል፤ በሁለት ጣት ይዞራል። ሐዋሳ አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሲያርፍ ለማንሳት ይህን የሚያህል የለም። ወፍ ብዙውን ጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ስለሚያርፍ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይትከሉት፤ ፊቱን ያገኙታል።

ሞኖፖድ ክብደቱን ይሸከማል፣ ከቦታ ቦታም ለመሮጥ ያመቻል። ወፉ ከአናት በላይ ሲያልፍ ግን ወገብ መለመጥ ግድ ነው፤ ያኔ ነቅሎ በእጅ መያዝ ይሻላል።

ዝዋይ ላይ በጀልባ ከሆነ ትራይፖዱን ቤት ይተዉት፤ የሞተሩን ንዝረት በሦስቱም እግሮቹ ይቀበላል (ቦታ መያዙም አለ)። ሞኖፖዱን ጫማዎ ላይ ያሳርፉት። አንዱን ብቻ ለሚገዛ እኔ ሞኖፖድ እላለሁ፤ ጥሩ ጊምባል ከነትራይፖዱ ኪስም ትከሻም ይጎዳል።