ኢል በገንዳ ወይስ በእርጥብ ጆንያ?

ኢል እባብ የሚመስል ዓሣ ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች እንደ ማጥመጃ ምግብ ከነሕይወቱ መንጠቆ ላይ ይሰኩታል። ርካሽ አይደለም፤ ስለዚህ ቤት ገብቶ ሲሞት ያናድዳል።

በገንዳ ከያዙት ለሳምንታት ይቆያል። ጣጣው ግን ብዙ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይፈጀዋል። ውሃውን ክፍት አድርጎ ማሳደር ክሎሪኑን ያበነዋል፤ ከተማው ክሎራሚን (በቀላሉ የማይተን የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) የሚጠቀም ከሆነ ግን ማሳደሩ ዋጋ የለውም፣ የአኳሪየም ሱቅ የሚሸጠው ክሎራሚን ማክሸፊያ ጠብታ የግድ ነው። አየር የሚነፋው ፓምፕ ሌት ተቀን መሥራት አለበት። ምግብ አይስጡት፤ ጾሙን ይችለዋል፣ ከበላ ግን ውሃውን ያበላሸዋል። ክዳኑ ላይ ደግሞ ድንጋይ ይጫኑ! የፓምፑ ቱቦ በሚያልፍበት ቀዳዳ እንኳ ሾልኮ ይወጣል።

ሌላው መንገድ የበረዶ ሳጥን ነው። ከታች በረዶ፣ በላዩ ቀዳዳ ያለው ትሪ፣ ከዚያ ኢሉን የያዘ እርጥብ ጆንያ። ኢል ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ በቆዳው ይተነፍሳል። ቅዝቃዜው ያደነዝዘዋል፤ እኔ የምወደውም ይህንን ነው። ያልቀዘቀዘ ኢል እጅ ላይ ይጠመጠማል፣ ልጋጉን ይቀባል፣ ክሩን ያተበትባል። የደነዘዘውን ግን በደረቅ ጨርቅ ያዝ አድርጎ መሰካት ነው። አንድ አደጋ አለ፦ የቀለጠው ውሃ ውስጥ ከተኛ ታፍኖ ይሞታል። የሳጥኑን ማፍሰሻ ክፍት ይተዉት።

ነገ ለማጥመድ ከሆነ ገንዳ አላስብም። ለቀጣዩ ሳምንት የሚተርፍ ካለ ገንዳው ውስጥ ይቆይ፤ ወደ በረዶው የማዛውረው በዋዜማው ማታ ነው።