የማስታገሻ ሕክምና ቡድን፦ ቀድሞ መጥራት ወይስ በመጨረሻው ሰዓት?

ተኝቶ ለሚታከም የካንሰር ሕመምተኛ የማስታገሻ ሕክምና ቡድን፣ ማለትም ሕመምንና ስቃይን የሚያቀልል የባለሙያዎች ቡድን፣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሌላው ሕክምና ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጠንካራውን የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊኑን፣ አስተካክሎ የትንፋሽ ማጠሩን ከማቅለል ያለፈ ጊዜ አይኖርም፤ ታማሚውም ፍላጎቱን መናገር ይሳነዋል።

ቀድሞ ሲጠራ ግን የቡድኑ ሐኪም ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥና «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሞርፊኑ ጋር የሆድ ማለስለሻም ያዝዛል፣ ሞርፊኑ የሚያመጣው የሆድ ድርቀት አንዳንዴ ከሕመሙ ይብሳልና። «በሽታውን ለእሱ እንዳትነግሩት» የሚለውን ቤተሰብም ረጋ ብሎ ለማነጋገር ፋታ ያገኛል።

በቦስተን በተመላላሽ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህን ክትትል ከካንሰር ሕክምናው ጎን ለጎን ቀድመው ያገኙት በመካከለኛ ቁጥር (ሚዲያን) 11.6 ወር፣ ሌሎቹ 8.9 ወር እንደኖሩ አሳይቷል። በእኔ እምነት ምርጫው ቀድሞ መጥራት ነው፤ ዘግይቶ መጥራትም ቢሆን ጨርሶ ካለመጥራት እጅግ ይሻላል።